በረዶው ላይ የሚሄደው ሰውዬ

ሥራነሽ ምስሉን ያየችው ቆማ ነው። ዘመነ ወንበር ቢስብላትም አልተቀመጠችም። በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ዳር ድንበሩ የማይታይ ነጭ ሜዳ ተዘርግቷል። በሜዳው መካከል አንድ ደበሎ የለበሰ ሰው ጎማ የሌለው የእንጨት ጋሪ በገመድ እየጎተተ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። ከፊቱ ጉም፣ ከእግሩ ሥር በረዶ። ሰውየው እየራቀ እየራቀ ሄደና ጉሙ ዋጠው።

«እንዴት ነው?» አለ ዘመነ። ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

«የት አነሣኸው?»

«ጮቄ ነዋ። ሰሞኑን ሄጄ አልነበር?»

ሥራነሽ አላመሰገነችውም። ምስሉ አላምር ብሏት አይደለም፤ ከመጠን በላይ ስላማረ ነው።

ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ዘመነ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ያለው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ሁለቱ ተማሪ በስልኩ የሚያያቸው አጫጭር ቪዲዮዎች እየሠሩ ዩቲዩብ ላይ ይጭናሉ። እሷ ትጽፋለች፣ በድምፅዋም ትተርካለች፤ እሱ ምስል ያነሣል፣ ያቀናብራል። ደጀንና መርጡለ ማርያም ያሉ መምህራን ሳይቀሩ ለክፍላቸው ያሳዩላቸዋል። አሁን የያዙት «ሰሜን ዋልታ ማን ቀድሞ ደረሰ?» የሚል ነው። ኩክ የሚባለው አሜሪካዊ ደርሻለሁ አለ፤ ፒሪ የሚባለው ሌላው አሜሪካዊ ደግሞ ያ ዋሽቷል፣ የደረስሁት እኔ ነኝ አለ። ሄንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊም ከፒሪ ጋር ነበር። ሁለቱንም ዛሬ ድረስ የሚጠራጠራቸው አልጠፋም። ዋልታው ላይ ምልክት የሚተከልበት መሬት እንኳ የለም፤ በረዶው ባሕር ላይ ስለሚንሳፈፍ ዛሬ የተከሉበት ባንዲራ ነገ ሌላ ቦታ ነው። ሥራነሽ ይህን ታሪክ የወደደችው ለዚሁ ነበር። ተማሪዎቿን «ማስረጃውስ?» ማለትን ልታስተምርበት።

ችግሩ ምስል ነበር። የዚያ ዘመን ፎቶግራፎች አሉ፤ ግን አይንቀሳቀሱም። ዘመነ «ኮምፒውተሩ ይሥራልን» ሲል እሷ እምቢ አለች። ምክንያት ነበራት። ስለ ዓባይ በረሃ በሠሩት ቪዲዮ ውስጥ ዘመነ ሳይነግራት ማሽን የፈጠረውን ነብር አስገብቶ፣ ነብሩ አምስት እግር እንዳለው ያየች አንዲት ተማሪ በክፍል መካከል አንሥታባታለች። ያን ቀን ሥራነሽ ጠመኔውን አስቀምጣ ወጥታ ነበር።

ስለዚህ «እውነተኛ በረዶ ካላገኘን ይቅር» አለች። ጮቄ ተራራ ላይ በክረምት መውጫ በረዶ ሲጥል መስኩ ሁሉ ነጭ ይሆናል። ዘመነ ካሜራውን ይዞ እዚያው ሊጠብቅ ሄደ። ሲሄድ «እንግዲህ በረዶ እንዲጥልልን ጸልዪ» ብሏት፣ እሷም እየሣቀች «ከጣለማ ለማርያም ጧፍ አገባለሁ» ብላው ነበር።

አሁን በረዶው ይኸው መስታወቱ ላይ አለ። ግን አልሣቀችም።

«ሰውየው ማን ነው?» አለችው።

«የሰፈሩ ሰው ነው።»

«ስም የለውም?»

«ስሙ ምን ያደርግልሻል? ፊቱ አይታይ።»

«መጨረሻ ላይ የተባበሩንን ስም እንጽፋለን እኮ።»

«የእሱን አንጽፍም» አለና ዘመነ ምስሉን ዘግቶ የሠርግ አልበም ማገላበጥ ያዘ።

ሥራነሽ ምስሉን በስልኳ ይዛ ቤቷ ገባች። ደጋግማ አየችው። ባየችው ቁጥር ጥርጣሬዋ ባሰ። ሰውየው የረገጠበት ቦታ ዱካ አይታይም። ቀኝ ትከሻው በእያንዳንዱ እርምጃ ዝቅ ይላል፤ ሁልጊዜ ያው፣ ሁልጊዜ እኩል፣ ማሽን የሚያራምደው ይመስል። ጉሙስ ቢሆን ልክ በሚፈለገው ሰዓት ይመጣል? ነብሩም እንዲሁ አምሮ ነበር።

በማግሥቱ ፎቶ ቤት ተመልሳ «ከካሜራው የወጣውን፣ ያልተቆረጠውን አሳየኝ» አለችው።

«አጥፍቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«ቦታ ሞላብኝ።»

ዓይኗን እያየ አልነበረም። ሥራነሽ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። አንድ ጊዜ ተመንጥራለች፤ ሁለተኛ አትመነጠርም። መናኸሪያ ወርዳ ወደ ጮቄ የሚያወጣውን የሮብ ገበያ መስመር የሚኒባስ ረዳት «ባለፈው ሳምንት ጮቄ በረዶ ጥሎ ነበር?» ብትለው «እኔ ጉም ነው የማውቅ እቴ» ብሎ ሌላ ተሳፋሪ መጥራቱን ቀጠለ። ስለዚህ ራሷ ልትሄድ ወሰነች። ለዘመነ «እሑድ ዘመድ ልጠይቅ ቁይ እሄዳለሁ» አለችው። ውሸቱ እንዴት እንደቀለላት ራሷን ገረማት።

እሑድ ጠዋት እስከ ሮብ ገበያ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ ድንች ልትጭን በምትወጣ አይሱዙ ሄደች። ሾፌሩ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን በታች አወረዳት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴትዮ መሶብ አዝላ የገብስ ማሳ ዳር ቆማ ነበር። ሥራነሽ እጅ ነሥታ ሰላምታ ሰጠቻትና ስሟን ጠየቀቻት። ወለተ ሚካኤል እባላለሁ፣ ወደ ሰንበቴ እየሄድሁ ነው፣ የቅዳሴው ሕዝብ እዚያው ነው አለቻት።

«እትዬ ወለተ ሚካኤል፣ እዚህ በቅርቡ በረዶ ጥሎ ነበር?»

«ምኑን ትጠይቂኛለሽ? ይኸው እዪው።»

ገብሱ ተኝቷል። እሸት ሊሆን የደረሰ ገብስ መንጋ የተንከባለለበት ይመስል ከጭቃ ጋር ተጣብቋል። ከማሳው ወዲያ ያለው የድንች ቅጠል ተበጣጥሶ ጠቁሯል። ሥራነሽ ይህን እያየች መጀመሪያ የመጣባት እፎይታ ነበር። በረዶው ጥሏል። ዘመነ ቢያንስ በበረዶው አልዋሸም። ከዚህ በኋላ ብዙ ጊዜ ያሳፈራት ይህች ቅጽበት ናት።

ስልኳን አወጣች። «ይኼን ቦታ ያውቁታል?»

ወለተ ሚካኤል መሶቧን አውርዳ፣ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለች። «ከላይ ያለው የከብት መዋያ ነው» አለች። ትንሽ ቆየችና ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ይኼ የኔታ አይደሉም?»

«ማን?»

«የኔታ አካለ ወልድ፤ የቅኔ መምህሩ። ትከሻቸውን እዪ። በቅሎ ጥላቸው ዳሌያቸው ከተጎዳ ወዲህ እንዲህ ነው የሚሄዱ።»

ለሥራነሽ ማሽን የመሰላት ነገር የተጎዳ ዳሌ ነው፤ የእግሩንም ዱካ ከኋላው የሚጎተተው ጋሪ ሳይደመስሰው አልቀረም። ሰው ነው፤ ስም አለው። ዘመነ እውነቱን ነው።

የወለተ ሚካኤል ፊት ግን ተለውጦ ነበር። «መቼ ነው የተነሡት?»

«በረዶ የጣለ ዕለት።»

«የዚያኑ ዕለት? እኛ ማሳው ላይ ተደፍተን ስናለቅስ እሳቸው በረዶው ላይ ገመድ ይጎትታሉ? ምን ለማድረግ?»

«ለትምህርት ነው እትዬ። ፈረንጆች ወደ ዋልታ እንዴት እንደሄዱ ለማሳየት—»

«ፈረንጅ አለበት?»

«የለበትም፤ ታሪኩ ነው የፈረንጅ።»

ሥራነሽ ባብራራች ቁጥር ነገሩ እየተወሳሰበ ሄደ። በዚያ አገር ቅኔ የተማረ ሰው ይከበራል፤ ይፈራልም። የተማረው ምን ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ደመና ይስባል፣ በረዶ ያወርዳል የሚባልለት ስንት አለ። ወለተ ሚካኤል ይህን በአፏ አላለችም። ስልኩን ሳትመልስ፣ መሶቧን እንኳ ረስታ፣ ወደ ሰንበቴው ቤት በፈጣን እርምጃ መሄድ ጀመረች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነ።

ሥራነሽ መሶቡን አንሥታ ተከተለቻት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ያለችውን፣ የምስሉ ደበሎ የተንጠለጠለባትን ጎጆ ስታይ ግን እግሯ ወደዚያ ዞረ። ቢያንስ ሰውየው ከእሷ ይስማ።

የኔታ አካለ ወልድ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እጅ ነሥታ ስሟን ሳትናገር ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ዓይናቸው ውስጥ እንግዳ መቀበል አልነበረም።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝ የኔታ። ሥራነሽ እባላለሁ፤ ከዘመነ ጋር የምሠራው እኔ ነኝ።»

«ድምፅሽን ለየሁት። የእህቴ ልጅ በስልኩ ያሰማኛል።» ሥራነሽ ዘመነ የእህታቸው ልጅ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው። «ቪዲዮው አልቆ ነው የመጣሽ?»

ልትዋሽ አስባ ነበር። አልቻለችም። «ምስሉ በማሽን የተሠራ መስሎኝ ላጣራ መጣሁ» አለች። ከመንገድ ዳር የሆነውንም ነገረቻቸው።

የኔታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ሥራነሽ ቁጣ ትጠብቅ ነበር።

«ስሜ እንዳይነሣ ብዬ አስምዬው ነበር» አሉ። «ፊቴ ያለበትን እንዲያጠፋም እኔ ነኝ ያዘዝሁት። እዚህ እንዲህ እንደሚሆን አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ገቡበት?»

«በረዶው ሲያባራ የእኔንም ገብስ አየሁት። አንድ ዘለላ አልተረፈኝም። ዘመነ ካሜራውን ታቅፎ አፍሮ ቆሟል፤ ሰው ሲያለቅስ እንዴት ላንሣ ይላል። ያን ሰሞን የዚያን ጥቁር ሰውዬ ነገር አጫውቶኝ ነበር። በትረካሽ ሄንሰን ነው ያልሽው? ከፒሪ ጋር እኩል ሄዶ፣ ክብሩን ሌላው ወስዶ፣ እሱን ለብዙ ዘመን ዞሮ ያየው የለም ያለኝን። ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እንግዲያው ገብሱ ለማንም አልሆነ፣ በረዶው እንኳ ለአንድ ነገር ይሁን አልሁት። የተማሪነቴን ደበሎ ለብሼ ሄድሁለት።» ቀና ብለው አዩዋት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለሽ መጣሽ። የጠረጠረስ ማንን መነጠረ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት አንድ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ በአጥሩ በኩል መጣ። የወለተ ሚካኤል ባል እንዳላማው ነበር። ሥራነሽን አላያትም።

«የኔታ፣ ሰንበቴው ይፈልግዎታል» አለ።

በሰንበቴው ቤት ሰው ግጥግጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ጠላው ተቀድቶ የሚጠጣው የለም። ስልኩ ከእጅ እጅ እየዞረ ነበር። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ወልደ ገብርኤል ከላይ ተቀምጠዋል። የኔታ ለመቀመጥ አልሞከሩም።

«ይኼ እርስዎ ነዎት?» አለ እንዳላማው።

«እኔ ነኝ። ሄጃለሁ። በረዶ ግን አልጠራሁም።»

«የጠራ ሰው ጠራሁ ይላል?»

እንዳላማው ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ሥራነሽን ያስፈራት ይህ ነው። «እኔ አንድ ነገር ብቻ ይነገረኝ» አለ። «ዘመነ ከነካሜራው እርስዎ ቤት ሰንብቷል። ሠርግ የለ፣ ተዝካር የለ። ጋሪውም ቀድሞ ተመትቶ ተቀምጧል፤ ሚስማር ሲመታ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በረዶ እንደሚጥል በምን አወቃችሁ?»

የኔታ አልመለሱም። ሥራነሽ ዝምታቸው ለምን እንደሆነ ገባት። እውነቱን ቢናገሩ የእህታቸውን ልጅ ማጋለጥ ነው፤ ዘመነ በረዶ ሊጠብቅ ነበር የሄደው። ዘመነን የላከው ማን እንደሆነ ደግሞ እሷ ታውቃለች። በሩ አጠገብ የወለተ ሚካኤልን መሶብ እንደያዘች ቆማ ነበር። አስቀመጠችው።

«አላወቅንም፤ ተመኘን» አለች።

ሁሉም ዞሮ አያት።

«ዘመነን የላክሁት እኔ ነኝ። በረዶ ካልጣለ ሥራው አይሆንም አልሁት። እንዲጥል ፈልጌ ነበር። ከጣለ ለማርያም ጧፍ አገባለሁ ብዬ ነበር፤ በቀልድ ቢሆንም ብያለሁ። የኔታ የሚያውቁት ነገር የለም።»

ወለተ ሚካኤል ቀስ ብላ ተነሣች። «እኛ በረዶውን መልስልን ስንል አንቺ ጣል እያልሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ወደ ማርያም?»

«በእናንተ ገብስ ላይ እንደሚወርድ አላሰብሁትም እትዬ።»

«ታዲያ የት የሚወርድ መስሎሽ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ሥራነሽ እስከ ዛሬ ትሰማዋለች። የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ በረዶ የት እንደሚጥል፣ በየትኛው ወር ምን አዝመራ እንደሚገኝ ለልጆች ታስተምራለች። ዘመነን ስትልከው ግን ጮቄ ነጭ ሜዳ ብቻ ነበር የመሰላት፤ ሰው የሌለበት፣ ልክ እንደ ዋልታው።

ቄስ ወልደ ገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሰማይን ነገር መምህርት ብትመኘውም፣ ባለ ቅኔ ቢዘምርለትም አይመጣም። በዚህ የሚከሰስ ሰው የለም» አሉ። ቀጥለው ወደ ሥራነሽ ዞሩ። «አንቺም እንዳትመኚ የሚከለክል ሕግ የለንም። ግን ያሰብሽውን ሁሉ አሳይን። ስለ ምን እንደተጠራጠርን ሳናውቅ አንበተን።»

ስልኩ ተመለሰላት። ያልተጠናቀቀውን ቪዲዮ ከፈተችው። ሽማግሌዎቹ ራስ ለራስ ገጥመው፣ ሴቶቹ ከትከሻቸው በላይ አንገታቸውን አስግገው አዩ። የገዛ ድምፅዋ ስለ ኩክና ስለ ፒሪ ሲናገር እዚያ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆነባት። ውሾቹ ጋሪ ሲጎትቱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ላይ አንድ ሽማግሌ «ውሻ እንዲህ ይሠራል?» አሉ። የኔታ ከጉሙ ውስጥ ሲገቡ ሁሉም ወደ ስልኩ ይበልጥ ተጠጋ። ሲያልቅ እንዳላማው ጠየቀ።

«በመጨረሻ ማን ደረሰ?»

«እስካሁን በእርግጠኝነት አይታወቅም። ሁለቱንም የሚጠራጠሯቸው አሉ።»

«አብረዋቸው የሄዱት አሉ አይደል? ለምን እነሱን አይጠይቁም?»

«ኩክን የተከተሉትን የአገሩን ሰዎች ጠይቀዋቸው ነበር። ኋላ የተናገሩትንም የሚያምነው አምኖ፣ የማያምነው ሳያምን ቀረ።»

እንዳላማው ራሱን ነቀነቀ። እሷን አምኗት ይሁን ታሪኩን፣ ወይም ሁለቱንም ትቷቸው ይሁን ከፊቱ አላነበበችም። ጠላውን አንሥቶ ጠጣ። ሌሎቹም ጠጡ።

የኔታ እስከ መንገዱ ሸኟት። በአይሱዙዋ ልትሳፈር ስትል «ያን ምስል ከቪዲዮው አወጣዋለሁ» አለቻቸው።

«ለምን ታወጪዋለሽ?»

«ከዚህ በላይ እንዳላስቸግርዎ።»

«የሚያውቅ አውቆታል። አሁን ብታወጪው አንድ የተደበቀ ነገር አለ ነው የሚሉ።» በመቋሚያቸው አንዴ መሬቱን ወጉት። «ተይው። ስሜንም ጻፊበት፤ ሙሉውን፣ ከነማዕረጉ።»

ዘመነ የሆነውን ከአጎቱ ሰምቶ ስለነበር ሰኞ ስትመጣ በሩ ላይ አገኘችው።

«እኔን አትጠይቂኝም ነበር?»

«ጠየቅሁህ።»

«መሐላ ነበረብኝ።»

«ነብሩስ?»

ዘመነ ፊቱን አዙሮ ወደ ውስጥ ገባ። ሥራነሽም ነብሩን ማንሣቷን ወዲያው ጠላችው፤ እውነት ቢሆንም ይህን ለማለት ቀኑ አልነበረም።

ቪዲዮው በኅዳር ተጫነ። መጨረሻው ላይ የመሪጌታ አካለ ወልድ ስም ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከላይ ከመንደሩ የሚመጣው ወሬ ግማሽ ግማሽ ነበር። ወለተ ሚካኤል እሑድ እሑድ ለየኔታ እንደ ድሮዋ እንጀራ ትልካለች። እንዳላማው ግን ልጁን ከእሳቸው የቅኔ ጉባኤ አውጥቶ መርጡለ ማርያም ላከው። ምክንያቱን የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም። የኔታ ይህን ሲሰሙ «እዚያ ያሉት መምህር ይሻሉታል» ብቻ አሉ ተባለ።

ሁለቱ ሥራቸውን አላቋረጡም። ግን ዘመነ ከዚያ ወዲህ ምስል ባመጣ ቁጥር ሥራነሽ አፏን ሳትከፍት ይጀምራል፤ ይህን ያነሣሁት ደጀን ድልድዩ ማዶ ነው፣ አብሮኝ ደመላሽ ነበር፣ ስልኩ ይኸውልሽ፣ ያልተቆረጠው እዚህ አለ፣ ደውለሽ ጠይቂ ይላታል። ፖሊስ ፊት እንደቆመ ሰው። «በቃህ ዘመነ» ልትለው ታስብና ትተወዋለች። እንዲያ ሲዘረዝርላት እሷም በልቧ እያመሳከረች መሆኗን ታውቃለችና።